ሪፈር ወረቀትና ውል ለየቅል ናቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፡፡ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛ ሐኪም ነበርኩ፡፡ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ጎልማሳ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ፣ በሌላ እጁ የተጨማደደ ወረቀት ጨብጦ ገባ፡፡ የታክሲው ሾፌር ከኋላው ቆሟል፡፡ ጋቢው ሲገለጥ ከተወለደች አራት ሰዓት ያለፋት፣ ክብደቷ 1,400 ግራም የሆነ ሴት ልጅ አገኘን፡፡ የሰውነቷ ሙቀት 33.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር፡፡ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዷል፡፡ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ይመለሳል፡፡

ወረቀቱ የአንድ የግል ሆስፒታል ሪፈር ወረቀት ነው፡፡ እናቲቱ ሰባት ወር እንዳለፋት ምጥ መጥቶባት በቀዶ ሕክምና መገላገሏን፣ ሕፃኗ መተንፈስ መቸገሯን ይገልጽና “ለተሻለ ሕክምና ተልካለች” በምትለው የተለመደች ዓረፍተ ነገር ይዘጋል፡፡ ፊርማም ማኅተምም አለው፡፡ የተቀባዩ ሆስፒታል ስም የሚሞላበት ቦታ ግን ባዶ ነው፡፡

እኛ ሦስተኛዎቹ ነበርን፡፡ በመጀመሪያው ሆስፒታል የበሩ ጥበቃ “አልጋ የለም” ብሎ መልሶታል፡፡ በሁለተኛው ተረኛዋ ሐኪም ወጥታ ሕፃኗን አይታ፣ የትንፋሽ መርጃ መሣሪያዎቹ በሙሉ መያዛቸውን ነግራው ወደ እኛ ጠቁማዋለች፡፡ “ዶክተር፣ እኔ እኮ ወረቀት ይዣለሁ፤ እንዴት ነው ሰው ወረቀት ይዞ የሚመለሰው?” አለኝ አባትየው፡፡ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፡፡ ለእሱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማለት አንዱ ተቋም ለሌላው የሰጠው ማረጋገጫ ነው፡፡ በወቅቱ ምን ብዬ እንደማስረዳው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ፡፡ ዛሬ ቢጠይቀኝ ኖሮ በራሱ ሙያ ቋንቋ እመልስለት ነበር፤ የያዘው ስንቅ የሌለው ቼክ ነው፡፡

ሕፃኗ በማግስቱ ማታ አረፈች፡፡ በቀጥታ ወደ እኛ ብትመጣ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ያለቀኗ ተወልዳለችና፡፡ ነገር ግን በዚያ ክብደት የተወለዱና ሞቀው የደረሱ ብዙ ልጆች ከክፍላችን በእናታቸው እቅፍ ሲወጡ አይቻለሁ፡፡ እሷን ከእነሱ የለያት በሦስት በሮች መካከል የጠፋው ጊዜና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሰውነቷ የወጣው ሙቀት ነው የሚል እምነት አለኝ፡፡

ላኪውን ሆስፒታል ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፡፡ የዚያን ሌሊት ተረኛው ሐኪም ግን ማንን ይደውል? በየትኛው ቁጥር? ቢደውልስ የሚያነሳው ሰው “ላኩ” የማለት ሥልጣን አለው? ይህንን ጥያቄ በሌሊት ሕፃን ታቅፎ መመለስ አይቻልም፡፡ በቀን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሕፃኗ ገና ሳትፀነስ ተመልሶ ማደር ያለበት ጥያቄ ነው፡፡ ሆስፒታሎች እርስ በርስ የሚፈራረሙት የጨቅላ ሕፃናት ቅብብሎሽ ውል የሚባለው ይኸው ነው፡፡

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፡፡ ሁሉም የሚያዋልድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይኑረው ማለት አይቻልም፤ አያስፈልግምም፡፡ መሣሪያው ውድ ነው፡፡ ከመሣሪያው የበለጠ ውድ የሆነው ግን እጅ ነው፡፡ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን ደም ሥር ፈልጎ መርፌ የሚያስገባ፣ የትንፋሹን አወራረድ ገና ከሩቁ የሚያነብ ነርስ የሚፈጠረው በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ሕፃናትን ሲያይ ነው፡፡ በወር አንድ ሕፃን በሚያይ ክፍል ውስጥ ጥሩ መሣሪያም ቢገዛ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ይዝጋል፡፡ ስለዚህ ከባዱን ሕክምና በጥቂት ቦታዎች ሰብስቦ ሕፃናቱን ወደዚያ ማምጣት ያዋጣል፡፡ የእኛም የጤና ሥርዓት በወረቀት ደረጃ የተዘረጋው በዚሁ መንገድ ነው፡፡ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው ነው የተደራጁት፡፡ እርከን ካለ ደግሞ መሰላል ያስፈልጋል፡፡

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያሳስብ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹን አገላብጦ ማየት ይበቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር፡፡ ከእነዚህ ውስጥ 49ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነበር፡፡ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 59 ሲወርድ፣ የጨቅላዎቹ ግን ወደ 33 ብቻ ነው የወረደው፡፡ እንዲያውም በ2016ቱ ጥናት 29 ነበር፡፡ ክትባቱ፣ የአጎበሩ ሥርጭት፣ የተቅማጥና የሳንባ ምች ሕክምናው ከፍ ያሉትን ልጆች ሲታደግ አራስ ልጆቹ ወደኋላ ቀሩ ማለት ነው፡፡ ቀድሞ ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት ውስጥ ሲሶ የማይሞሉት ጨቅላዎች አሁን ከግማሽ በላይ ሆነዋል፡፡

በዚያው ላይ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ2016 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ብቻ ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብለዋል፡፡ ትልቅ ስኬት ነው፡፡ ይሁንና አንድ ያልተዘጋጀንበት ውጤት አለው፡፡ ድሮ እቤት ተወልዶ እቤት የሚሞተው ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን አሁን በአዋላጅ ነርስ እጅ ላይ ይወለዳል፡፡ አዋላጇ “አሁን ወዴት ልላከው?” ብላ ትጠይቃለች፡፡

ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተጠይቋል፡፡ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኤፍ ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኝ የአየር ኃይል ሠፈር ሆስፒታል ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ፡፡ ክብደቱ 2.1 ኪሎ ግራም ነበር፡፡ መተንፈስ ስላቃተው በአምቡላንስ ወደ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተወሰደ፡፡ አምቡላንሱም፣ ሐኪሙም፣ ሆስፒታሉም አልጎደለበትም፡፡ ሆኖም በ39 ሰዓቱ ሞተ፡፡ የጎደለው ከመንገዱ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ሕክምና ነበር፡፡ ሳንባን በግፊት ከፍቶ የሚያቆየው ሲፓፕ የተባለው ዘዴ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሳንባ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የተባለ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ውጤቱ የታየው ደግሞ በ1980 ጃፓን ውስጥ ነው፡፡ ዛሬ በዚያ ክብደትና በዚያ ዕድሜ የተወለደ ልጅ ሲፓፕ ባለበት ክፍል ውስጥ ቢሞት ሐኪሞቹ ስብሰባ ይጠራሉ፡፡

ሕክምናው ሲገኝ ታዲያ የመንገዱ ጉዳይ አንገብጋቢ ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1976 ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት (በነገራችን ላይ ድርጅቱ በ1938 የተቋቋመው ፖሊዮን ለመዋጋት ነው፤ ፖሊዮ ሲሸነፍ ፊቱን ወደ ሕፃናት አዞረ) ከሐኪሞች ማኅበራት ጋር ሆኖ ሆስፒታሎች በሦስት ደረጃ ተከፍለው በክልል እንዲተሳሰሩ ሐሳብ አቀረበ፡፡ ቀስ በቀስ ግዛቶቹ ተቀበሉት፡፡ ለምሳሌ በኒው ዮርክ ግዛት እያንዳንዱ የሚያዋልድ ሆስፒታል ከአንድ የክልል ማዕከል ጋር የጽሑፍ ውል እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል፡፡ በውሉ ውስጥ ምክር መስጠት፣ መላክና መቀበል፣ ማሠልጠን፣ የሕክምና ጥራትን አብሮ መመርመር ሁሉ ይካተታሉ፡፡ ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ኤምታላ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፡፡ በሕጉ መሠረት ላኪው ሆስፒታል አቅሙ የፈቀደውን ሕክምና ሳይሰጥ፣ ተቀባዩም እሺ ሳይል ያልተረጋጋ ሕመምተኛ አይላክም፡፡ ሕጉ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያላቸውን ሆስፒታሎች ለይቶ ይጠቅስና፣ ቦታ እያላቸው አንቀበልም ማለት እንደማይችሉ ይደነግጋል፡፡

ትርፉስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠናቀረ ጽሑፍ እንደሚያሳየው ከ1,500 ግራም በታች ሆነው ከፍተኛ ክፍል ባለበት ሆስፒታል ከተወለዱት ውስጥ 23 በመቶ ሲሞቱ፣ በሌላ ሆስፒታል ከተወለዱት ግን 38 በመቶው ሞተዋል፡፡

እንግዲህ ወደ ውሉ ይዘት እንግባ፡፡

የመጀመሪያው ነገር “እሺ” የሚለው ሰው ማን እንደሆነ መወሰን ነው፡፡ ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ያስደነቀኝ ማሽኑ ሳይሆን አንድ ስልክ ነበር፡፡ ከትንንሾቹ ሆስፒታሎች የሚደወለው በዚያ ብቻ ነው፡፡ ሌሊትም ቀንም ይነሳል፡፡ ደዋዩ ሐኪም በቀጥታ ከሐኪም ጋር ይገናኛል፡፡ ቦታ ካለ “ላኩ” ይባላል፡፡ ቦታ ከሌለ ሌላ ሆስፒታል ደውሎ ቦታ የሚፈልገው ተቀባዩ ክፍል ራሱ እንጂ ላኪው አይደለም፤ አባትየው ደግሞ በጭራሽ አይደለም፡፡ ይህችን አንዲት አንቀጽ ብቻ ወስደን ብንተገብራት የዚያ ሌሊት ታክሲ አይነሳም ነበር፡፡ እኛ ዘንድ አልጋ ፍለጋ የቤተሰብ ሥራ ነው፡፡ ሰው የሚያውቅ ያገኛል፤ የማያውቅ በር ለበር ይዞራል፡፡ ከአንባቢዎች መካከል ስንቶቻችሁ ለዘመድ ልጅ “ማሞቂያ” ለማግኘት የምታውቁትን ሐኪም በሌሊት ቀስቅሳችኋል? እኔም ተቀስቅሼ አውቃለሁ፡፡ ለተቀሰቀሱልኝ ደስ ይለኛል፡፡ ማንም ያልተቀሰቀሰላቸው ግን በዚያች አልጋ ምክንያት የት እንደደረሱ አስባለሁ፡፡

ሁለተኛው ሕፃኑ ከመነሳቱ በፊት ምን ይደረግለት የሚለው ነው፡፡ ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ “ቶሎ ይሂድ” ይላል፡፡ አይደለም፡፡ ቀዝቅዞና ስኳሩ ወርዶ በ20 ደቂቃ ከሚደርስ ሕፃን፣ ሞቆና ተረጋግቶ በሁለት ሰዓት የሚደርሰው ይሻላል፡፡ የአየር ቧንቧው ይጸዳል፤ ትንፋሹ ይታገዛል፡፡ ስኳሩ ይለካል፤ ከወረደ 10 በመቶ ግሉኮስ ይሰጠዋል፡፡ ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ የመጀመሪያው የፀረ ተሕዋስያን መርፌ እዚያው ይወጋል፡፡ ይህ ሁሉ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አይጠይቅም፤ ማንኛውም የሚያዋልድ ተቋም ሊያደርገው የሚገባ ነው፡፡ ተቀባዩ ሐኪም በስልክ እየመራ ሊያሠራው ይችላል፡፡

ስለ ሙቀት ግን ትንሽ ልቆይ፡፡ የአራስ ልጅ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፡፡ ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ስቡ የለም ማለት ይቻላል፤ እርጥብ ሆኖ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ እንደ ተከፈተ ቴርሞስ ሙቀት ያፈሳል፡፡ ሲቀዘቅዝ ኦክስጅንና ስኳር ያቃጥላል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ትንፋሹ ይደክማል፡፡ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወድቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በጣም አነስተኛ ክብደት ካላቸው ሕፃናት መካከል ወደ ክፍሉ ሲገቡ ሙቀታቸው በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር የመሞት ዕድላቸው በ28 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፡፡ የኛዋ ሕፃን ከዝቅተኛው ልክ 2.7 ዲግሪ ወርዳ ነበር የመጣችው፡፡

ለዚህ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ የግድ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ ማሞቂያ ያጠራቸው ሐኪሞች ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ አስረው ማቆየት ጀመሩ፡፡ የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የሚባለው ነው፡፡ እኛም አገር ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከባልደረባቸው ጋር አጥንተውት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ሕፃናቱ ገና ሳይረጋጉ ቶሎ ሲጀመርላቸው ሞት እንደሚቀንስ አመልክተዋል፡፡ በ2021 ጋናን፣ ሕንድን፣ ማላዊን፣ ናይጄሪያንና ታንዛኒያን ያካተተ ትልቅ ጥናት ይህንኑ አጸናው፤ ሞት በ25 በመቶ ቀንሷል፡፡ ለመንገድም ቢሆን የእናት ወይም የአባት ደረት፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ከላይ ጋቢ ከተደረበ ጥሩ ማሞቂያ ነው፡፡ ያ አባት ጋቢውን ከልጁ ጋር ሳይሆን ከልጁ ላይ ነበር የጠቀለለው፡፡ በሸሚዙ ውስጥ፣ በደረቱ ላይ አድርጎ እንዲይዛት የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ለአንድ ብርም ወጪ አይዳርግም ነበር፡፡ ጥሩ ውል እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ገጽ ይጽፈዋል፤ ገጹም በማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፡፡

ስለ ኦክስጅንም አንድ ነገር ልበል፡፡ ሕፃን ሲላክ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መልቀቅ የደግነት ምልክት ተደርጎ ይታያል፡፡ ያለቀኑ ለተወለደ ልጅ ግን የበዛ ኦክስጅን የዓይኑን የውስጥ ደም ሥሮች ይጎዳል፡፡ ዘፋኙ ስቲቪ ዎንደር ከቀኑ ስድስት ሳምንት ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲወለድ የዓይን ብርሃኑን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ አሁን የሚመከረው የደሙ የኦክስጅን መጠን ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ነው፡፡ ስለዚህ አብሮ የሚሄደው ሰው መለኪያውን ማንበብ የሚችል መሆን አለበት፡፡

አብሮ የሚሄደውስ ማነው? መኪናውስ የማን ነው? እዚህ ላይ አገሮች ይለያያሉ፡፡ በሀብታም አገር ተቀባዩ ሆስፒታል የራሱን ቡድንና አምቡላንስ፣ አንዳንዴም ሄሊኮፕተር ልኮ ሕፃኑን ይወስዳል፡፡ እኛ ዘንድ ላኪው ነው የሚልከው፡፡ ይህ ራሱ ነውር የለበትም፤ ነርሷ አብራ እንደምትሄድና እስክትመለስ ማን እንደሚተካት ካልተወሰነ ግን አትሄድም፡፡ የብዙ ሆስፒታሎቻችን አምቡላንስ ከወንበርና ከቃሬዛ በቀር ብዙም የሌለው መኪና መሆኑን የተሳፈረ ያውቀዋል፡፡

እናት ደግሞ ትረሳለች፡፡ ልጇ ሲላክ እሷ ቁስሏ ሳይደርቅ በላኪው ሆስፒታል ተኝታ ትቀራለች፡፡ ጡቷ ይጠነክራል፤ ልጇ ሌላ ቦታ በግሉኮስ ይኖራል፡፡ ለሕፃኑ ከመድኃኒት የማይተናነሰው የመጀመሪያው እንገር በዚህ ምክንያት ይባክናል፡፡ ውሉ ላይ “ሕፃኑ ሲላክ እናትም በቻለች ፍጥነት ትከተላለች፤ ተቀባዩ አልጋ ይሰጣታል፤ እስክትደርስ የታለበ ወተቷ ይላካል” ተብሎ ቢጻፍ ግማሽ ሕክምና ነው፡፡ ስምና የካርድ ቁጥር በልጁ እጅ ላይ ይታሰር፣ የእንግዴ ልጁና የምጡ ታሪክ ይጻፍ የሚሉት ዝርዝሮች የታወቁ ናቸውና እዘላቸዋለሁ፡፡

ገንዘብ የማይነሳበት ውል ግን ውል አይደለም፡፡ በመንግሥት ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፡፡ ችግሩ የሚመጣው በግልና በመንግሥት፣ ወይም በግልና በግል መካከል ሲላላክ ነው፡፡ አንድ ቤተሰብ ለቀዶ ሕክምናው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ለሌላ የግል ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል መያዣ ክፈል ሲባል፣ ሕፃኑ በር ላይ ሆኖ ገንዘብ ይፈለጋል፡፡ ላኪውና ተቀባዩ አስቀድመው ቢስማሙ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሂሳብ በላኪው ዋስትና ሊሸፈን፣ ቤተሰቡ በኋላ ሊተሳሰብ ይችላል፡፡ በነጋዴዎች መካከል በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው፡፡ ለሸቀጥ የተገኘ መላ ለሕፃን የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም፡፡

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው አንቀጽ ልምጣ፤ መመለስ፡፡ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች አልጋ የሚጠፋው ሕመምተኛ ስለበዛ ብቻ አይደለም፡፡ የትንፋሽ መርጃውን ከተላቀቀ በኋላ ክብደት እስኪጨምር ብቻ የሚቆይ ሕፃን ሳምንታት ይተኛል፡፡ በቱቦ ወተት መመገብ፣ መሞቅ፣ መመዘን ነው ሕክምናው፡፡ ይህን የላከው ሆስፒታል በሚገባ ሊሠራው ይችላል፡፡ ነገር ግን አይመለስም፤ ምክንያቱም “ላክነው” ማለት በእኛ ዘንድ “ተገላገልነው” ማለት ሆኗል፡፡ የሪፈር ወረቀቱ የታችኛው ክፍል፣ ተቀባዩ ምን እንዳገኘና ምን እንዳደረገ ጽፎ የሚመልሰው ቁራጭ፣ ባዶውን ከካርዱ ጋር ይቀመጣል፡፡ እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሞልቼ የመለስኩት ጥቂት ነው፤ አልዋሽም፡፡ በዚህም የተነሳ ላኪው ሐኪም ትክክል ሠርቶ ይሁን ተሳስቶ ሳያውቅ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይደግማል፡፡

የተረጋጋ ሕፃን ወደ ላኪው ሲመለስ ሁለት ነገር ይገኛል፡፡ አንድ አልጋ ይለቀቃል፤ ያ አልጋ ለዚያ ሌሊቷ ሕፃን ይበቃ ነበር፡፡ ቤተሰቡም ወደ ቤቱ ይቀርባል፤ እናት በየሦስት ሰዓቱ ለማጥባት ከተማ አታቋርጥም፡፡ እንዲያውም የኒው ዮርኩ ዓይነት ውል ውስጥ መመለስ ከመላክ እኩል ቦታ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

እኛ ዘንድ ምንም የለም ማለቴ አይደለም፡፡ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 የሕሙማን ቅብብሎሽ መመሪያ አውጥቷል፡፡ በሆስፒታሎቻችን ውስጥ ሊያዞን የሚባል ክፍልም አለ፤ የአልጋ ሁኔታን ተከታትሎ ከላኪዎች ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፡፡ በየወረዳው ለእናቶች አምቡላንስ ተከፋፍሏል፡፡ ሐሳቡ ጥሩ ነው፡፡ እንደ እኔ አመለካከት የጎደለው በሁለት ስም በሚጠሩ ሆስፒታሎች መካከል፣ ስልክ ቁጥርና የሰው ኃላፊነት ያለበት፣ በየጊዜው የሚከለስ ሰነድ ነው፡፡ መመሪያ ለሁሉም ይናገራል፤ ውል ግን “አንተ ለእኔ” ይላል፡፡

ሰነድ ያላቸውም አሉ፡፡ ባለፈው ጊዜ አንድ የግል ሆስፒታል ባለቤት የሆኑ ባልደረባዬን ጠይቄ ፋይላቸውን አሳዩኝ፡፡ በማኅተም ያማረ የመግባቢያ ሰነድ ነው፡፡ ለፈቃድ እድሳት ጊዜ ይቀርባል አሉኝ፡፡ በሰነዱ ላይ የተቀባዩ ክፍል ኃላፊ ተብሎ የተጻፈ የእጅ ስልክ ቁጥር ነበርና እዚያው ሆኜ ደወልኩ፡፡ አንዲት ሴት አነሱ፡፡ “ልጄ፣ እኔ እኮ ከዚያ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው” አሉኝ፡፡ ባልደረባዬ ሳቁ፤ ቆየት ብለው ግን ሰነዱን መልሰው አነበቡት፡፡

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጋልጠው በየሦስት ወሩ የሚደረግ የጋራ ስብሰባ ነው፡፡ ስንት ሕፃናት ተላኩ? ስንቶቹ ከ36.5 ዲግሪ በታች ሆነው ደረሱ? ከጥሪው እስከ መነሻው ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንቱ ተመለሰ? አራት ጥያቄ ነው፤ ኮምፒዩተር እንኳን አይፈልግም፡፡ ሁለቱ ቡድኖች ሲተዋወቁ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ቋንቋ ይለወጣል፡፡ “አልጋ የለም” ይል የነበረው “እስኪ አሥር ደቂቃ ስጪኝ” ማለት ይጀምራል፡፡ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፡፡

ከሁሉ የሚበልጠው መጓጓዣ ግን የእናት ማህፀን ነው፡፡ ያለጊዜው ምጥ የጀመራት ወይም ደም ግፊቷ እያሻቀበ ያለች ነፍሰ ጡር፣ ልጁ ሳይወለድ፣ ለመንገዱ የምትበቃ ሆና ሳለ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ብትላክ ሕፃኑ በ37 ዲግሪ፣ ኦክስጅኑም ስኳሩም ሳይጓደልበት ይጓዛል፡፡ በተጨማሪም የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክረውን የስቴሮይድ መርፌ ለመስጠት ጊዜ ይገኛል፡፡ ይህን መርፌ ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ነው ጥቅሙን ያሳዩት፤ ርካሽ ነው፡፡ በ2020 የታተመው በዓለም ጤና ድርጅት የተመራ ጥናትም በኬንያ፣ በናይጄሪያና በሦስት የእስያ አገሮች ሆስፒታሎች የጨቅላ ሞት እንደሚቀንስ አረጋግጧል፡፡ የባንክ ሠራተኛው ሚስት ምጥ የጀመራት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፡፡ የወለደችው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው፡፡ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ልጅቷ በጥሩ አምቡላንስ ውስጥ ነበረች፤ የሚነዳው ሰው ግን አልነበረም፡፡ ስለዚህ ውሉ “ጨቅላ” ብቻ ሳይሆን “ነፍሰ ጡር” የሚለውንም ቃል መያዝ አለበት፡፡

በግል ሆስፒታል ክትትል ላይ ያላችሁ ባልና ሚስት፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪማችሁን ይህን ጠይቁ፤ ልጃችን ማሞቂያ ወይም የትንፋሽ እርዳታ ቢያስፈልገው እዚሁ ይታከማል ወይስ ይላካል? የሚላክ ከሆነ ወደየትኛው ሆስፒታል? እዚያ ያለውን ሐኪም ማን ይደውልለታል? ከልጁ ጋር ማን ይሄዳል? ክፍያውስ? መልሱ “ያኔ እናየዋለን” ከሆነና እርግዝናው መንታ ከሆነ፣ ወይም ግፊት ካለ፣ ወይም ከዚህ ቀደም ያለቀኑ የተወለደ ልጅ ካላችሁ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል ለመውለድ ከአሁኑ ካርድ አውጡ፡፡ የእናትን የክትትል ካርድ ቅጂ በቦርሳ ያዙ፡፡ የሹራብ ኮፍያና ካልሲ ግዙ፤ ልጁ በሙሉ ጊዜው ቢወለድም ይጠቅመዋል፡፡